የማሽኑ ገመድ

ባለቤቴ ማሽኑን ለመሸጥ የወሰነው የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጁ መያዝ በጀመረበት ሰሞን ነው። ውሳኔውንም የነገረኝ እንደ ልማዱ ዙሪያውን ዞሮ ነበር። «ያ ክፍል ቢለቀቅ ለሠራተኛ ይከራያል» አለ። «ይከራያል» አልኩት። በዚህ ተግባባን።

ማሽኑ ሲኤንሲ ሚሊንግ ይባላል። የድሮ መካኒኮች ፍሬዛ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ይኼኛውን የሚነዳው ኮምፒውተር መሆኑ ነው። ብረቱ ሞርሳ በሚባለው መቆንጠጫ ላይ ይታሰራል፣ የሚፈለገው ቅርጽ በቁጥር ይጻፍለታል፣ ከዚያ የሚሽከረከረው ጥርስ እየወረደ እየተነሣ ብረቱን ይልጠዋል። ቁመቱ ከእኔ ትከሻ አይበልጥም፤ ክብደቱ ግን ጎረምሶችን አስምሏል።

ባለቤቴ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ ወደ ቦንጋ የመጣ የቴክኒክ መምህር ነው። መጣ፣ አገባኝ፣ ቀረ። ጡረታ ሲወጣ እኩዮቹ አንዳንዱ ላም ገዛ፣ አንዳንዱ ሱቅ ከፈተ። እሱ አዲስ አበባ ሄዶ ከሚዘጋ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ያገለገለ ማሽን አስጭኖ መጣ። ሲወርድ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ።

«እትዬ፣ ወፍጮ ልትከፍቱ ነው?» አለችኝ አንዷ።

«እኔም አላውቅም። መምህርን ጠይቂው» አልኳት።

የከተማው ሰው መምህር ይለዋል። እኔም ሳሾፍበት መምህር እለዋለሁ። እሱ ሲያሾፍብኝ ታይፒስቷ ይለኛል፤ እስከ ጡረታዬ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩና።

የቦንጋ ዝናብ ለብረት አይራራም። ልብስ ሳይደርቅ ሌላ ዝናብ ይመጣል፤ ጫማ አልጋ ሥር ሆኖ ይሻግታል። ስለዚህ ማሽኑን ከዝገት መጠበቅ የእኔ ድርሻ ሆነ። ማንም አላዘዘኝም። አሮጌ አንሶላ ቀድጄ፣ በዘይት ነክሬ፣ መንሸራተቻዎቹን፣ ሞርሳውን፣ የጠረጴዛውን ጎድጓዳ ሁሉ አብሰው ነበር። ጂማ የምትኖረው ልጃችን ልትጠይቀን ስትመጣ ቆማ ታየኛለች።

«እማዬ፣ እኔን እንኳ እንዲህ ቀብተሽኝ አታውቂም።»

«አንቺ አትዝጊም» እላታለሁ።

ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጥርሱ ጫፍ የብረቱን ፊት በትክክል የት ላይ እንደሚነካ ሊነገረው ይገባል። ያቺ ቦታ ዜሮ ትባላለች። ዜሮ ከተሳሳተች የቀረው ሁሉ ይሳሳታል። ባለቤቴ ዜሮን የሚይዘው በወረቀት ነው። ጥርሱ ሳይሽከረከር፣ በጥርሱና በብረቱ መካከል ወረቀት አስገብቶ ወዲያ ወዲህ እያንሸራተተ ጥርሱን በጥቂት በጥቂቱ ያወርደዋል። ወረቀቱ አልንቀሳቀስም ያለ ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። በመካከል የቀረው የወረቀቱ ውፍረት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በሚጽፈው ቁጥር ውስጥ አስቀድሞ ያስበዋል።

ወረቀቱ የእኔ ነበር። መሥሪያ ቤታችን የጽሕፈት መኪናዎቹን በኮምፒውተር ሲቀይር፣ ከካርቦን ሥር እናስገባው የነበረው ስስ የቅጂ ወረቀት ፈላጊ አጣ። ሊቃጠል ከተከመረው ውስጥ አንድ እሽግ ለምኜ ወሰድኩ። ጣቶቼ ሲነኩት የኖሩት ወረቀት ነው፤ ሲቃጠል ማየት ደስ አላለኝም። እሽጉ ቤት ውስጥ ለምንም ሳይውል ተቀመጠ። አንድ ቀን ባለቤቴ አንዱን ሉክ አንሥቶ በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገና ወደ ማሽኑ ክፍል ይዞት ገባ። በመለኪያው ለካው። ተመልሶ ሌላ ወሰደ፤ ያንንም ለካው።

«ይኼ ከየት የመጣ ነው? ሁሉም እኩል ነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ወረቀት ወደዚያ ማሽን አልቀረበም።

መጀመሪያ ሁሉንም የሚሠራው ብቻውን ነበር። ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ግን ወረቀቱን የያዘው ጥርሱ ይሁን የራሱ እጅ መለየት አቃተው። ይህን አልነገረኝም። «ነይ እስቲ፣ ይቺን ያዢልኝ» ነው ያለኝ። እኔ ወረቀቱን አንሸራትታለሁ፣ እሱ ቁልፉን እየተጫነ ጥርሱን ያወርዳል።

«ያዘ?»

«አልያዘም።»

«አሁንስ?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ የሚባል የለም። ያዘ ወይስ አልያዘም?»

«ያዘ።»

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተነጋገርነው አብዛኛው ይኼ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያወሩ ባልና ሚስት እንዳሉ አውቃለሁ። የበለጠ የሚግባቡ መኖራቸውን ግን እጠራጠራለሁ።

ማሽኑ ብዙ ነገር ሠርቷል፤ የወፍጮ ቤት ጥርስ፣ የስፌት መኪና ዕቃ፣ ገበያ ላይ የጠፋ መለዋወጫ ሁሉ። እኔ የምወደው የሰም ማተሚያውን ነበር። በዘመናዊ ቀፎ ንብ የሚያረቡ ሰዎች በፍሬሙ ላይ ስስ የሰም ንጣፍ ያደርጋሉ። በንጣፉ ላይ የማር እንጀራው ቅርጽ፣ እነዚያ ስድስት ማዕዘን ያላቸው ትንንሽ ቤቶች፣ ታትመውበታል፤ ንቦቹ ያንን እንደ መሠረት ይዘው ይገነባሉ። ማተሚያው እንደ መጽሐፍ የሚከፈት ሁለት የአሉሚኒየም ገበታ ነው። የቀለጠ ሰም ይፈስበታል፣ ይከደናል፣ ሲቀዘቅዝ ንጣፉ ተላቆ ይወጣል። ከማንኪራም ከሺሺንዳም ከዋጫም እየመጡ ያሠሩ ነበር። ህትመቱ ደብዛዛ ከሆነ ግን ንቦች ንጣፉን ትተው እንደ ገዛ ፈቃዳቸው አጣመው ይሠራሉ።

«ንብ እንደ ሰው ይሉኝታ የላትም። ካልወደደች አልወደደችም» ይል ነበር ባለቤቴ።

ጂማ ያየው ሐኪም መድኃኒቱ በየጊዜው እየታየ መስተካከል እንዳለበት ነገረን፤ ለጊዜው እዚያው አቅራቢያ ብንቀመጥ ይሻላል አለ። ልጃችን ክፍል አዘጋጀች፤ መጋረጃውን ሳይቀር ሰቀለች። እሱ ግን፣ «ማሽኑ ቦታ ሳይዝ የትም አልሄድም» አለ።

«ብረት ነው። ቆልፈንበት እንሂድ።»

«ቆልፈን ከሄድን ስንመለስ የምናገኘው ዝገት ነው።»

ይህን ለእኔ መናገር አያስፈልግም ነበር፤ የምቀባው እኔ ነኝ። እንግዲህ ማሽኑ መሸጥ ነበረበት፣ ለሚሠራበት ሰው መሸጥ ነበረበት፣ ቶሎም መሸጥ ነበረበት። እሱ የሚያስበው ስለ ሁለተኛው ነበር። እኔ ስለ ሦስተኛው።

ልጃችን ፎቶ አንሥታ፣ «ያገለገለ፣ ከነሙሉ ዕቃው» ብላ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። የእኔን ስልክ ቁጥር ስለጻፈች የሚደወለው ለእኔ ነበር።

«ሄሎ፣ የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?»

«ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አይ፣ መጀመሪያ ዋጋውን ልወቅ ብዬ ነው።»

ሌላው ቡና ይቆላ እንደሆነ ጠየቀኝ። አንዱ ደግሞ፣ «እማማ፣ ባለቤቱን ያገናኙኝ» አለ። «ባለቤቱ ነኝ» ስለው ዘጋው።

በአካል ቀድሞ የመጣው ያገለገለ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ሰምቶ ነው። ማሽኑን በጣቱ አንኳኳው፣ ከኋላ ዞሮ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ሞተሮቹ ደህና ናቸው። የቀረው ያው ብረት ነው፤ በኪሎ ይሄዳል» አለ።

«ወንድሜ፣ የመጣኸው በሬ ልትገዛ ነው ወይስ ቆዳ?» አለው ባለቤቴ።

«ጋሼ፣ በሬው እኮ አርጅቷል።»

«እኔም አርጅቻለሁ። ቆዳዬን ልትጠይቀኝ ነው?»

ሰውየው ከልቡ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሲወጣ ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝና፣ «ሐሳባችሁን ስትቀይሩ ደውሉ፣ እኔ አለሁ» አለ። ያ «አለሁ» ያለው ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ።

ከእሱ በኋላ የዋጫው ሰው ከሚስቱ ጋር መጣ። ቀፎ የሚሠራ አናጢ ነው፤ ከዚህ በፊት ማተሚያ ያሠራው ከእኛው ዘንድ ነበር። ሰሙን የምታቀልጠውና የምታፈሰው ሚስቱ ናት። ባለቤቴ ወንበር ላይ አስቀምጧቸው እንደ ፈተና ይጠይቃቸው ጀመር፤ መብራታችሁ እንዴት ነው፣ ስታቢላይዘር አላችሁ ወይ፣ ጣራው ያፈሳል ወይ፣ ማሽኑ የሚቆመው ሲሚንቶ ላይ ነው ወይስ ጣውላ ላይ። ሚስትየው ወደ ባሏ ጠጋ ብላ በካፊኖኖ፣ «ሰውየው ማሽን ነው የሚሸጠው ወይስ ልጁን ነው የሚድረው?» አለችው። እኔ ያን ጊዜ ሻይ እየቀዳሁ ነው። በዚያው በካፊኖኖ፣ «ልጃችንን ስንድር ይህን ያህል አልጠየቀም» አልኳት። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። በአማርኛ ብቻ ስላናገርኳቸው የመምህር ሚስት ከሩቅ የመጣች መስያት ነበር፤ እኔ ግን የሺሺንዳ አካባቢ ልጅ ነኝ።

በዋጋው አልተቸገሩም። ያስቸገረው የባለቤቴ ውል ነው።

«የመጀመሪያውን ማተሚያ ራስህ ቆርጠህ ጥሩ ሰም እስክታወጣበት ድረስ ሽያጭ የለም» አለው። «ካልሆነልህ መልሰው፣ ገንዘብህን ትወስዳለህ።»

መምህር ሆይ፣ ወስደውልህ እንኳ አትለቅም፣ አልኩ በልቤ። ተመልሶ ከመጣ የሚቀረን ያ «አለሁ» ያለው ነጋዴ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ባለቤቴ እንደማይሸጥ አውቃለሁ። ጂማም ይቀራል ማለት ነው።

የዋጫው ሰው ቦንጋ ዘመድ ዘንድ አድሮ እየተመላለሰ ተማረ። ፈጣን ነው። ከሚጠይቀው ጥያቄ እንደሚገባው ያስታውቃል። ዜሮ ላይ ሲደርሱ ባለቤቴ ቁልፉ ላይ፣ እኔ ወረቀቱ ላይ ሆነን አሳየነው።

«ዜሮ በወረቀት ነው» አለው ባለቤቴ።

«ገባኝ፣ መምህር።»

ሲጨርሱ ወረቀቱን አጣጥፌ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ዕቃዎቹን ያሸግኳቸው እኔ ነኝ። መቁረጫዎቹን በዘይት በራሰ ጨርቅ አንድ በአንድ ጠቀለልኩ። ኮሌት የሚሏቸውን መቁረጫ መጨበጫዎች በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አደረግኳቸው። ፑንታ የሚሏቸውን መብሻዎች በየመጠናቸው አሰርኩ፤ ሞርሳውን በጆንያ ጠቀለልኩት። መኪናው በር ላይ ቆሞ ወንዶቹ እየተጯጯሁ ማሽኑን ሲያወጡ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ከብት ነበረው። ላም ሲሸጥ ገመዷን ፈትቶ ይዞ ይመለሳል፤ ገዢ በራሱ ገመድ ይነዳታል። ገመዱ አብሮ ከሄደ የቤቱ በረከት ተከትሎት ይሄዳል ይባላል። አባቴ ገመዱን አምጥቶ በረቱ ውስጥ ላሟ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ይሰቅለዋል። እኔ በዚህ አምናለሁ ለማለት አይደለም፤ ተምሬያለሁ። ነገር ግን ያ ሁሉ ዘመን ስቀባው የኖርኩት ነገር ከደጄ ሲወጣ በባዶ እጄ መቆም አልሆነልኝም። ምን ላስቀር? መቁረጫ ባስቀር ይጎድልባቸዋል። መፍቻ ባስቀር ይቸገራሉ። ማንንም የማይጎዳ ሆኖ ያገኘሁት ወረቀቱን ነው። ብረት አይደለም፣ የማሽኑም አይደለም፣ የእኔ ነው። እሽጉን ወስጄ ቁም ሣጥን ውስጥ ከነጠላዎቼ በታች አስቀመጥኩት። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ ይስቅብኛል ብዬ።

ማሽኑ ከሄደ በኋላ የክፍሉ ሲሚንቶ ላይ አራት የእግሩ ምልክት ቀረ። እኔ ሻንጣ አወረድኩ። ባለቤቴ ሸሚዞቹን ሳጣጥፍ እያየ፣ «ቆይ፣ ይደውል» ይለኛል።

ደወለ። «መምህር፣ ቆርጬዋለሁ» አለ፤ ድምፁ ግን የደስታ አልነበረም። «ሰሙ ደብዝዞ ነው የሚወጣው። የቤቶቹ ግድግዳ ጥልቀት የለውም።»

ባለቤቴ መላልሶ ጠየቀው። ጥርሱ ደንዝዞ ይሆን? አዲሱን ነው ያሰረው። መብራት ተቆራርጦ ነበር? አልነበረም። ሞርሳው ሥር የብረት ፍርፋሪ ገብቶ እንደሆነ አይቷል? ጠርጎታል። እንደገና ሞክር አለው። ሞከረ፤ ያው ሆነ።

ባለቤቴ አልተቆጣም። ባዶው ክፍል ገብቶ ምልክቶቹ መካከል ቆመ። «መንገድ ላይ ተንገላቷል። አንድ ነገሩ ተንጋዷል፤ አሁን ሄጄ የማቃናበት እጅ የለኝም» አለ። ሻንጣው ተከፍቶ እንደተቀመጠ ከረመ። በዚያው ሰሞን ነጋዴው ደወለልኝ።

«እትዬ፣ ያ ብረት አለ?»

«ተሸጧል።»

«ከተመለሰም አለሁ።»

ማን እንደነገረው አላውቅም። ምናልባት ማንም አልነገረውም፤ እንዲህ ያለ ሰው ምንጊዜም አይጠፋም።

የዋጫው ሰው ደግሞ ሲደውል ጠረጴዛው ላይ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ባለቤቴ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ መቆየት ስለሚያደክመው ድምፁን ለሁለታችንም ከፍቶት ነበር።

«መምህር፣ ለእኔ ዕድሌ አልሆነም መሰለኝ» አለ ሰውየው። «ቅዳሜ መኪና አገኛለሁ። ልመልሰው?»

ባለቤቴ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ አያቸው። እንዲህ ሲያያቸው አይቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ እንደ ተማሪ ቤቱ ከመጀመሪያው ጀመረ።

«እስቲ ከሥር እንነሣ። ዜሮን እንዴት ነው የምትይዘው?»

«እንዳሳዩኝ ነዋ። በወረቀት።»

«በየትኛው ወረቀት?»

«በልጄ ደብተር ወረቀት።»

ምስሩ ላይ የነበረው እጄ ቆመ።

«ያ ስሱስ የታለ?»

«እትዬ የያዙት? ከዕቃው ጋር አላገኘሁትም። ወረቀት ያው ወረቀት ነው ብዬ…»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። «ታይፒስቷ።»

«አቤት።»

«ወረቀቱን አላሸግሽውም?»

«ወረቀቱ የእኔ ነው።»

«የአንቺ ነው። የት ነው ያለው?»

«ቁም ሣጥን ውስጥ።»

«እዚያ ምን ይሠራል?»

ከዚህ በኋላ መሸሸጊያ አልነበረኝም። «ገመዱ ነው» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም፤ ትክ ብሎ አየኝ። የአባቴን በረት ያውቀዋል፣ የተሰቀሉትንም ገመዶች ያውቃቸዋል። ሲገባው ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አሁን ሁለመናው ተንቀጠቀጠ። ስልኩ አልተዘጋም ነበርና የዋጫው ሰውም ማዶ ሆኖ መሳቅ ጀመረ። ሚስቱ በካፊኖኖ፣ «ምን ተፈጠረ?» ስትለው ይሰማል።

«ማሽኑን ሸጠውልን ገመዱን አስቀርተውብን ነው» አላት።

«ታዲያ ያለ ገመድ እንዴት ብለን ልንነዳው ኖሯል!»

ነገሩ ይኼ ነበር። ባለቤቴ በየሥራው ቁጥር ውስጥ ያሰበው የእኔን ወረቀት ውፍረት ነው። የደብተር ወረቀት ከእሱ እጥፍ በላይ ይወፍራል፤ ስለዚህ ማሽኑ ብረቱን ነካሁ ያለው ገና ሳይነካ ነው፣ የቆረጠውም በዚያው ልክ ጎድሎ ነው። ከፀጉር የቀጠነ ጉድለት ነው፤ ለሰም ግን በቂ ነው። ጥፋቱን ተካፍለነዋል። እኔ ወረቀቱን ምንም አይደለም ብዬ አስቀረሁ። እሱ ደግሞ «ወረቀት» ሲል ሌላ ወረቀት በዓለም ላይ መኖሩን ረስቶት ነበር።

«ቁጥሩን ቀይር ብትለው አይሆንም?» አልኩት።

«ይሆናል። ግን ዛሬ የገዛው ደብተርና ነገ የሚገዛው አንድ አይደለም። ደግሞም» አለና ትንሽ አሰበ፣ «ማሽኑ ያንን ወረቀት ለምዶታል።»

የቴክኒክ መምህር እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። አላረምኩትም።

በማግሥቱ በሚኒባስ ወደ ዋጫ ሄድን። ዝናብ ስለነበር እሽጉን በላስቲክ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። ሺሺንዳ ላይ መኪናው ሰው ሊያወርድ ቆመ። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰዎች ከብት እየነዱ በመስኮታችን ሥር ያልፋሉ።

«አባትሽ ገመድ ይዘሽ ወደ ገዢ ቤት ስትሄጂ ቢያዩሽ ምን ይሉሽ ነበር?» አለኝ።

«ውረጂ ይሉኝ ነበር።»

«ትወርጃለሽ?»

«ጂማ ማን ይወስድሃል ታዲያ?» አልኩት። ስለ ጂማ ሳይከራከረኝ ያለፈው ያን ጊዜ ነው።

የዋጫው ወርክሾፕ አዲስ ጣውላ ይሸታል። ማሽኑ ጥግ ላይ ወፍራም ሲሚንቶ ላይ ቆሟል፤ ጣራው አያፈስም። ቀረብ ብዬ መንሸራተቻውን በጣቴ ነካሁት። ዘይት ነበረው። ዞር ስል ሚስትየው ታየኛለች፤ እጇ ላይ ከአሮጌ ሻሽ የተቀደደ ጨርቅ አለ።

ወረቀቱን የምትይዘው እሷ እንድትሆን ያልኩት እኔ ነኝ። ባሏ ቁልፉን እየተጫነ ወረቀቱንም ልያዝ ቢል አንዱ ይሳሳታል። እሷ ግን እጇን አየችና አመነታች፤ ሰም ሲፈስባት የኖረ ጣት ነው፣ ጫፉ ደርቋል።

«በጣትሽ ጫፍ አይደለም» አልኳት በካፊኖኖ። «ከክንድሽ ነው የሚሰማሽ። ጎትቺው፣ ከዚያ ጠብቂው።»

አንዱን ሉክ ቆርጬ ሰጠኋት። ባሏ ቁልፉ ላይ ሆነ። ባለቤቴ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ፤ መንቀጥቀጣቸውን የሚደብቀው እንዲህ ነው።

«ያዘ?» አለ ባልየው።

«አልያዘም።»

«አሁንስ?»

«አልያዘም።»

«አሁን?»

«ትንሽ…»

«ትንሽ የሚባል የለም!» አልን እኔና ባለቤቴ አንድ ላይ።

ሴትየዋ ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ ተረጋግታ ወረቀቱን ሳብ አደረገች። ወረቀቱ ባለበት ቀረ።

«ያዘ» አለች።

ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ። እኔ እጆቼን የማደርግበት ስላጣሁ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲቀርጽ ዋለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጥርሱ አሉሚኒየሙን ሲልጥ፣ መነጋገር አይቻልም ነበር። ቆጮ በጎመን አቅርበውልን በላን። ባለቤቴ ወንበሩን ወደ ማሽኑ አዙሮ ተቀመጠ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም፣ ምክርም አልሰጠም። ገበታዎቹ ሲያልቁ ሚስትየው ሰሟን አቀለጠች። ፈሰሰ፣ ተከደነ፣ ውኃ ውስጥ ተነከረ፣ ተከፈተ። ንጣፉን በሁለት እጇ ላጥ አድርጋ አወጣችና ወደ በሩ ይዛው ሄደች፤ ብርሃን ያለው እዚያ ነው። ቤቶቹ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብለው ታዩ።

ባለቤቴ እጁን ከኋላው አውጥቶ ንጣፉን ዳሰሰው። ጣቱ በሰሙ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማንም እንዳላየ ሆነ።

«ንብ ትቀበለዋለች» አለ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሮ፣ «ማሽኑ የአንተ ነው» አለው።

ልንሄድ ስንነሣ ሚስትየው እሽጉን ከፍታ አንድ ሉክ አወጣች፣ አጣጥፋ በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

«እትዬ፣ እኛም ከብት ሸጠን እናውቃለን። ገመድ ሳይዙ አይሄዱም» አለችኝ።

በሁለት እጄ ተቀበልኳት።

መንገድ ላይ ስንወጣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር። ባለቤቴ የኮቱን ቁልፍ ሊቆልፍ ሞከረ፣ ጣቶቹ አልታዘዙትም። ፊት ለፊቱ ቆሜ እኔ ቆለፍኩለት።

«ያዘ?» አለኝ።

«ያዘ።»

ሻንጣውን የዘጋሁት በማግሥቱ ነው። ወረቀቷን ከታጠፉት ሸሚዞቹ መካከል አስገባኋት።

ይህን የምጽፈው ጂማ ሆኜ፣ ልጃችን መጋረጃ በሰቀለችበት ክፍል ውስጥ ነው። እጁ ድኗል ማለት አልችልም። አንዳንድ ጠዋት ግን ብርጭቆውን በአንድ እጁ ያነሣና አይቼ እንደሆነ በጎን ያየኛል። አይቻለሁ፤ አልነግረውም። ቦንጋ ያለውን ክፍል አንዲት ወጣት መምህርት ተከራየችው፤ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ናት። በቀደም ስለ ውኃው ደውላ ስታበቃ፣ ሲሚንቶው ላይ ያሉት አራት ምልክቶች የምን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። መልስ ሳስብ ባለቤቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ ቀደመኝ።

«ላም ነበረችን በያት» አለ። «ሸጥናት።»